ከጎን የተሳለው ሰው

ሰው ሲደክመው ስልክ ማንሳት የለበትም። እኔ አነሳሁ።

«ሊዲያ ነሽ?» አለኝ አንድ የረጋ የሴት ድምፅ።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ሀብትነሽ ነኝ። የፍሬአብ እናት።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። በስልክ እንደማያዩኝ እያወቅኩ ተነሳሁ። አጠገቤ የምትሠራው ረውዳ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ማን ሞተ?» በሚል ዓይን አየችኝ።

«ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ቤት ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል» አሉኝ። «ብቻሽን። ለፍሬአብም አትንገሪው።»

«ምነው እትዬ ሀብትነሽ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው ልጄ። ስትመጪ እናወራለን።»

ዘጉት። ረውዳ ወንበሯን በእግሯ እየገፋች መጣች።

«የፍሬ እናት ናቸው» አልኳት።

«እንዴ! እሁድ ሽማግሌ ሊልኩ አይደል? በቃ፣ ቀድመው ኢንተርቪው ሊያደርጉሽ ነው።»

«ብቻሽን ነይ፣ ለሱም አትንገሪው አሉኝ።»

«ኡፍ» አለች። «እንደሱ ከሆነማ ኢንተርቪው አይደለም፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው።»

የምንሠራው ካዛንቺስ፣ ኢንሹራንስ ውስጥ ነው። ሰው መኪናውን አጋጭቶ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምናጣራው እኛ ነን። ከመስኮቴ ማዶ የተወለድኩበት ሰፈር ነበር። አሁን ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና አዲስ የተተከለ ሣር ነው። የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ ቤተሰቦቼ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ እኔ ለሥራው ብዬ ላንቻ አንድ ክፍል ተከራየሁ። መጀመሪያ ሰሞን በመስኮቱ እያየሁ የኛ በር የት ጋ እንደነበር ለመገመት እሞክር ነበር። ከዚያ ተውኩት። ማዘንም ይሰለቻል።

ፍሬአብ ወሎ ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስንቆይ ቤታቸው የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እኔ የተጠየቅኩትን እሱ እየመለሰ፣ ሻዬን ሳልጨርስ አስነስቶ ይዞኝ ወጣ። እናቱ የሥዕል ነገር እንደማይወዱ የነገረኝ እሱ ነው። «እማዬ ሥዕልን ሥራ ነው ብላ አታምንም፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን» ይለኛል። ቀስ ማለት ይወዳል። እኔ አልወድም። እሱን ግን እወደዋለሁ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስንት ግጭት አጣርቼ እንደፈረምኩ አላውቅም። ማን ማንን እንደገጨ አንዱንም አላስታውስም።

*

እትዬ ሀብትነሽ ራሳቸው በሩን ከፈቱልኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አሁንም ሰውን የሚያዩት ደብተር እንደሚያርሙ ነው። አርብ ስለነበረ የጾም ብስኩትና ሻይ አቀረቡ። እኔ ግን ሻዩን አላየሁም። ሶፋው ላይ፣ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ፣ አንድ ሸራ ተኝቷል። በቅርጹ ብቻ አወቅኩት። የራሴ ነው።

ላለፈው ልደቱ የሰጠሁት ሥዕል ነው። ፍሬአብ መኪና እየነዳ፣ እኔ ከምቀመጥበት ወንበር ሲታይ፦ አፍንጫው፣ አገጩ፣ የምሽት መብራት ያረፈበት ጉንጩ። ከሠራኋቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። «አልጋዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ፣ ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው» ብሎኝ ነበር።

«ይሄን የሳልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ፣ ጋዜጣውን ገለጥ እያደረጉ። «ጥግ ላይ ስምሽን አየሁ።»

«አዎ።»

«ለእሁድ ብዬ ቤት ሳጸዳ ነው ያገኘሁት። ከቁም ሳጥኑ ኋላ።»

ከቁም ሳጥኑ ኋላ። ሻዩን አንስቼ ጠጣሁ፣ ምላሴን አቃጠለኝ።

«ልጄ ምን አድርጎሽ ነው?» አሉኝ።

«ማለት?»

«አንድ ዓይን ብቻ ነው የሰጠሽው።»

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። «እትዬ ሀብትነሽ፣ ከጎን እኮ ነው የሳልኩት! ሰው ከጎን ሲታይ አንደኛው ዓይኑ አይታይም።»

«እሱን አላጣሁትም። አባቴ ሰዓሊ ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ደብረ ታቦር ዙሪያ ስንቱን ቤተ ክርስቲያን ሥሏል። ልጅ ሆኜ ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ይሁዳን፣ የሚገርፉትን ወታደሮች፣ ሰይጣንን ደግሞ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። አንዴ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተጣልቶ፣ የሰውየውን ፊት ገራፊዎቹ መሃል አስገባው። ከጎን። አገሩ ሁሉ አወቀው። ሰውየው እስኪሞት ድረስ እዚያ ደብር ደጅ አልደረሰም።»

እኔም አውቀዋለሁ። ማለቴ፣ ተምሬዋለሁ። ሥዕል ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ ፈተና መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ፣ ከዚያ ረስቼዋለሁ። ፈተና ላይ የመለስኩትን ነገር የሰው ሶፋ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

«ፍሬአብም ያውቃል?» አልኩ።

«ፍሬአብ? የአባቴ ጉልበት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የተማረው። አልታዘዝ ሲል 'አንድ ዓይናው መጣ' ስንለው አልጋ ሥር ይገባ ነበር።»

ልደቱን አስታወስኩ። ሥዕሉን ከወረቀቱ ሲያወጣ ዝም ብሎ ያየበትን ጊዜ። እኔ በጣም ወዶት ቃል ያጣ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ሀብትነሽ ብስኩቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ሌላም አለ። እንደምትስይ ማንም አልነገረኝም። 'ኢንሹራንስ ትሠራለች' ነው የተባልኩት። 'ድሮ ሥዕል ትሞክር ነበር፣ ትታዋለች፤ ላንቻ የያዘችውንም ክፍል እየለቀቀች ነው' አለኝ።»

«እኔ?»

«እየለቀቅሽ አይደለም?»

«እርስዎ ሥዕል አይወዱም ነው የተባልኩት።»

«እኔ?» አሉ በተራቸው።

ተያየን። ሁለታችንም ስለሌላችን የተነገረንን ይዘን ተፋጠጥን። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «ልጄ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ክፉ ሆኖብሽ ከሆነ እንደዚህ የሳልሽው፣ ወንድሜን አስመላሽን ሽማግሌ አድርጌ እናትና አባትሽ ደጅ አላቆምም። ክፉ ካልሆነብሽ ደግሞ ለምን እንደዚህ እንዳደረግሽው ንገሪኝ።»

መዋሸት እችል ነበር። ብርሃኑ ነው፣ ቅርጹ ነው፣ ማለት እችል ነበር። ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«ይዘሽው ሂጂ እንግዲህ። ስታውቂው ትነግሪኛለሽ።»

መልሰው ሲጠቀልሉት ጋዜጣውን አየሁት። ጠርዞቹ እንደ ስጦታ እኩል ታጥፈዋል፣ ፕላስተሩ በመቀስ ተቆርጧል። ወርውሮት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይሄን ያህል ተጠንቅቆ መደበቁ ነው ያቃጠለኝ።

*

ከወሎ ሰፈር ላንቻ ሁለት ታክሲ ነው። ሁለተኛው ላይ ጋዜጣው ተቀደደና የፍሬአብ አፍንጫ ብቅ አለ። ረዳቱ አጎንብሶ አየው።

«እህት፣ ሁለት ሰው ናችሁ።»

«ሥዕል ነው።»

«ይሁን፣ ወንበር ይዟል። ደግሞ ሰላምታም አይሰጥ። ማንን ነው ያኮረፈው?»

ኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩና አፍንጫውን በተቀደደው ጋዜጣ ሸፈንኩት።

አከራዬ እትዬ ጥሩዬ የግቢው በር ላይ ጠበቁኝ። «መጣሽ? ቢያንስ አልጋውን ከነገ ወዲያ ብታወጪልኝ ጥሩ ነው፤ ተካ ሰኞ ይገባል።»

«ተካ ማን ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ነዋ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራው።» ፊቴን አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ውይ! አልነገረሽም እንዴ? እጮኛሽ እኮ ነው የነገረኝ! 'ልንጋባ ነው፣ ክፍሉን ትለቃለች፣ ሰርፕራይዝ ስለሆነ አይንገሯት' አለኝ። እኔ ደግሞ ምሥጢር አልችልም ልጄ። እስካሁን የቻልኩት ለሱ ብዬ ነው፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር።»

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ክፍል ማለት፣ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የሥዕል መቆሚያና ግድግዳ ላይ የተደገፉ ሸራዎች ማለት ነው። ቀለም የማቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቢሮ ድረስ ይከተለኛል፤ ረውዳ «ዛሬም ጋራዥ አድረሻል» ትለኛለች።

ሥዕል ነፍስን ያድናል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔን ከምንም አላዳነኝም። የቤታችንን በር አላዳነም፣ እናቴን ከሁለት ሰዓት የታክሲ ሰልፍ አላዳናትም። ግን ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጥፋት በተገቢው ቃል እየጻፍኩ እውላለሁ፤ ለፍሬአብ በተገቢው ቃል፣ ለእናቴ በተገቢው ቃል እናገራለሁ። እዚህ ስገባ ብቻ ነው ተገቢ ቃል የማያስፈልገኝ። ቀዩን ከፈለግኩ ቀዩን አነሳለሁ። «ምን ማለትሽ ነው?» የሚለኝ የለም።

ጋዜጣውን አወለቅኩና ሥዕሉን መቆሚያው ላይ አደረግኩት። ለፍሬአብ «ነገ ከሰዓት ክፍሉ ጋ ና» ብዬ ጻፍኩለት። የልብ ምልክት መለሰልኝ። ምልክቱን ብዙ አየሁት። እንደዚያ ዓይነት ልብ በሕይወቴ ስዬ አላውቅም፣ ደስም አይለኝም፣ ያን ቀን ግን አስለቀሰኝ።

*

ሲገባ እየሳቀ ነበር። ሥዕሉን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ከየት አገኘሽው?»

«እናትህ ሰጡኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። ልክ እንደ ሥዕሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አየኋቸው።

«አልጋዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ሰቅዬው ነበር። አንድ ሳምንት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መተኛት አቃተኝ።» መሬቱን እያየ ነው የሚያወራው። «ሊዲ፣ እኔ አያቴ ይሁዳን እንዴት እንደሚስል እያየሁ ነው ያደግኩት። ወረቀቱን ስገልጠው ራሴን እዚያ ግድግዳ ላይ አየሁት፣ በቃ። አንቺ እየሳቅሽ 'ወደድከው?' ትይኛለሽ። ወድጄዋለሁ አልኩሽ። ምን ልበልሽ?»

«አላሰብኩትም እኮ! የአያትህን ነገር በምን አውቄ? ከጎን ሳልኩህ፣ አለቀ! ዓለም ሙሉ ሰው ከጎን ይሳላል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ቀና አለ። «ብጠይቅሽና እውነቱን ብትነግሪኝስ?»

«የምን እውነት?»

 ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ስለ አንዲት ጎረቤት እያወሩ ይስቃሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ነው።

«ቤታችሁ የፈረሰ ቀን» አለ ቀስ ብሎ። «የግንባታ ሳይት ላይ ነኝ፣ አለቃዬ አለቀቀኝም ያልኩሽ። ሳይት አልነበርኩም። እቤት ነበርኩ። ከሰዓት ወጥቼ እስከ ኡራኤል መጣሁ፣ ሰፈራችሁ ልደርስ ስል መኪናውን አቆምኩ።»

«ለምን?»

«አጎቴ አስመላሽ የት ሰፈር ልጅ ናት ሲለኝ ቦሌ ናት ብዬው ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «መንገድ ላይ ከአልጋና ከድስት ጋር ቆማችኋል። አጠገብሽ ቆሜ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ። ይሄው ነው። ያወቅሽብኝ መስሎኝ ነበር። ሥዕሉን ሳይ፣ አውቃለች፣ በአፏ ከምትነግረኝ በዚህ ነገረችኝ አልኩ።»

አላወቅኩም ነበር። እምላለሁ አላወቅኩም። ግን ያን ሥዕል የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። አባቴ የበሩን ማጠፊያ በመዶሻ እየነቀለ፣ እናቴ «ፍሬአብ አይመጣም እንዴ?» ስትለኝ «ሥራ ላይ ነው» እያልኩ፣ ስልኬን እያየሁ። ማታ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ገባሁ። «አይዞሽ» አለኝ፣ መንገዱን እያየ። አንዴም ወደኔ አልዞረም። እኔ አልጠየቅኩትም። ደክሞኝ ነበር፣ ልጠይቀውም አልፈለግኩም። እጄ ግን እዚያ መኪና ውስጥ ነበር፣ አይቷል።

ሥዕሉን አየሁት። ጉንጩ ላይ ያለው ብርሃን ያምራል። ሲያምር ጊዜ ነው ፍቅር ብቻ የመሰለኝ።

«እና ክፍሉን ልታስለቅቀኝ ወሰንክ» አልኩት።

«እዚህ ገብተሽ ስለኔ የምታወጪው ነገር ያስፈራኛል። አፍሽ 'ምንም አይደል፣ ችግር የለም' ይላል። እጅሽ ደግሞ…» በእጁ ወደ ሥዕሉ አሳየ። «ብታቆሚው የምንድን መሰለኝ።»

ተነሳሁ። 

«ፍሬ፣ አፌ ዝም የሚለው እዚህ ስለምናገር ነው። ይሄን ክፍል ብትዘጋው አፌ ነው የሚከፈተው። ያንን አንድ ቀን አትችለውም። ጠዋት ቁርስ ላይ እጮህብሃለሁ፣ ማታ ስትገባ እጮህብሃለሁ፤ እናትህ ፊት፣ አስመላሽ ፊት። ቀለሙን ሳይሆን እኔን ትደብቅ ነበር። የትኛው ቁም ሳጥን ኋላ ልታስገባኝ ነበር?»

«ሊዲ…»

«ክፍሌን ሳትጠይቀኝ ሰጠኸው! ለማላውቀው ሰው! የኔ የሆነ ነገር በዚህ ከተማ ውስጥ ይሄው ብቻ ነው የቀረው፣ አንተ ታውቃለህ፣ ከማንም በላይ ታውቃለህ!»

ጮኼ ነበር። ግቢው ጸጥ ሲል ነው ያወቅኩት። ከዚያ የእትዬ ጥሩዬ ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል መጣ።

«ሊዲ ልጄ! ተካ ስልክ ላይ ነው! ሰኞ ልግባ ወይስ አልግባ ይላል!»

ፍሬአብ አየኝ። እስክመልስ እየጠበቀ ነው። እሱ የማይመቸው ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ያየኛል፣ እኔም ሁልጊዜ እመልስለታለሁ። አሁን ግን ተራው የሱ ነው።

«መልስላቸው» አልኩት።

«እኔ?»

«ያከራየኸው አንተ ነህ።»

ተነሳና በሩን ከፈተ። ከኋላው ቆሜ ግቢውን አየሁት፦ ሳፋዎች፣ የተሰጣ አንሶላ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ የሆነ ሦስት ሴቶች፣ ስልኩን እንደ ሻማ ከፍ አድርገው የያዙ እትዬ ጥሩዬ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ለብቻችን ብናወራ…» አለ።

«ምን ለብቻችን ያስፈልገዋል? ካርዱ ሊያልቅ ነው፣ በል ንገረኝ።»

ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ኡራኤል ጋ መኪና ያቆመው ትከሻ ነው። አሁንም የሚያቆም መሰለኝ። በሩን መዝጋትና መሄድ ይችል ነበር፤ ቢሄድ አልከተለውም፣ ያንን ወስኜ ነበር።

«አትለቅም» አለ።

«ምን?»

«አትለቅም!» አለ ጮክ ብሎ። «እሷ ልልቀቅ አላለችም። ሰርፕራይዝ የሚባል ነገርም የለም። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።»

የልብስ ማሸቱ ድምፅ ቆመ። አንደኛዋ ሴት «አቤት ድፍረት» አለች፣ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

«ውይ ጉዴ! ለተካ ምን ልለው ነው ታዲያ?»

«ስልኩን ይስጡኝ። እኔው እነግረዋለሁ።»

ተካ የሚለው ሁሉ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። ጥሩ ጥሩ ስድብ ያውቃል። ፍሬአብ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰው ሁሉ እያየው መሃል ግቢ ቆመ። «ልክ ነህ» ይላል። «አዎ፣ ልክ ነህ ወንድሜ።» ከሳፋዎቹ አንዱ ጫማውን አረጠበው፣ አልተንቀሳቀሰም።

ሲመለስ ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ረውዳ ብትሆን ታቅፈው ነበር። እኔ ግን ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው እንደሚሆነው ሆንኩ፦ ሸክሙ ወርዶ፣ ትከሻው ግን ገና አላመነም።

«እሁድስ?» አለኝ። «ነገ እኮ ነው።»

«እሁድ ይቆይ።»

«አስመላሽ ልብሱን ሁሉ አስተኩሷል…»

«የት ሰፈር ልጅ እንደሆንኩ ትነግረዋለህ፣ ከዚያ የተተኮሰውን ልብስ ሲፈልግ ይለብሰዋል። ለእናትህ እኔ እነግራቸዋለሁ። ክፉ አይደለም እላቸዋለሁ።»

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«አላውቅም። ደክሞኛል ፍሬ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከጎንህ ተቀምጬ ወዳንተ እየዞርኩ አንገቴን አሞኛል።»

እዚያው በሩ ላይ ቆመ። ጠየቀኝ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትወጂኛለሽ አሁንም?»

«ባልወድህ ይሄን ያህል ይደክመኝ ነበር?»

ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ልሂድ?»

ሂድ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በምትኩ ሥዕሉን ከመቆሚያው አወረድኩት። አልቀደድኩትም፣ አልቀባሁበትም፤ ጥሩ ሥዕል ነው፣ እውነትም ነው። ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ ያለችኝን አንዲት ወንበር ከመስኮቱ ሥር አደረግኩለት፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት እንዲመታው።

«ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። እኔ አልጋው ላይ፣ ከፊቱ። ጉልበታችን ሊነካካ ትንሽ ቀረው። መጀመሪያ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ እጆቹ፣ ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ወደኔ መጣ። የግራ ዓይኑ ከቀኙ ያንሳል። ሦስት ዓመት ስወደው አላየሁትም ነበር። ሁለቱም ቀልተዋል፣ ሥራቸው ጠቁሯል። ለካ እሱም ደክሞታል። ከኔ ሲሸሽ ነው የደከመው፣ ቢሆንም ድካም ድካም ነው።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ምንም። ዝም ብለህ ታይ።»

ዓይኑ ሞላ። ሊጠርገው እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ከባድ እንደሆነበት ፊቱ ሁሉ ይናገራል። ልቤ ራራለት። ዓይኔን ግን ከዓይኑ ላይ አላነሳሁም።